ብዙ መስመር ያለው ሁሉ ዋና አይደለም

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የማስተርስ ተማሪዎችን ዳታ ሳይ ነው የምውለው። የጤናውም፣ የግብርናውም፣ የንግዱም ልጅ አሁን ኔትወርክ ትንተና ይፈልጋል። ጥሩ ነው። ችግሩ ሁሉም ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል፤ እኔም ያንኑ መልስ ደጋግሞ መስጠት ሰልችቶኛል። አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

ለማያውቀው ሰው፦ የግራፍ ቲዎሪ ነገሮችን በነጥብ፣ ግንኙነታቸውን በመስመር አድርጎ የሚያጠና የሂሳብ ዘርፍ ነው። ነጥቡ ከተማ፣ ሰው፣ የነርቭ ሴል ወይም ድረ ገጽ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ደግሞ መንገድ፣ ብድር፣ ጋብቻ፣ ስልክ መደዋወል። ይህንኑ በእውነተኛ ዳታ ላይ ስንሠራው ኔትወርክ ትንተና እንለዋለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀላል ቀላሉን ስህተት ቶሎ ልለፈው፤ በጥቅስ ውስጥ ያለው ተማሪዎቹ የሚሉት ነው።

«ፌስቡክ ያመጣው ነገር ነው።» አይደለም። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር የኮኒግስበርግ ከተማን 7 ድልድዮች ጥያቄ (እያንዳንዱን አንዴ ብቻ እየተሻገሩ ሁሉንም ማለፍ ይቻላል ወይ የሚለውን) የፈታው በ1736 ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኪርኾፍ በ1847 ለኤሌክትሪክ መስመር ስሌት ተጠቀመበት።

«የሂሳብ ሰው ካልሆንክ አትንካው።» ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበትን ቢትዊንነስ የሚባል መለኪያ (ምን እንደሚለካ ከታች አለ) በ1977 ያወጣው ፍሪማን ሶሲዮሎጂስት ነው። መቁጠርና ማካፈል ከቻልክ ትችላለህ።

«ማንም ከማንም ጋር በ6 ሰው እንደሚገናኝ ተረጋግጧል።» ይሄ ሁሌም ይጠቀሳል። ትራቨርስና ሚልግራም የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 ባወጡት ሙከራ ቦስተን አካባቢ ላለ አንድ ሰው አንድ ሰነድ በትውውቅ እየተቀባበሉ እንዲያደርሱ የተጠየቁት 296 ሰዎች ነበሩ። የደረሰው 64 ብቻ ነው። በመካከል ያለፉት ሰዎች አማካይ 5 ገደማ የሚሆነው ለደረሱት ነው። ያልደረሱት የት እንደቀሩ የሚያነሳ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ሥራ የሚያስገኝልህ የቅርብ ሰው ነው።» ሶሲዮሎጂስቱ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቦስተን ዳርቻ ላይ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዶቹም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው ወሬውን የነገራቸው። ግን ይህንንም ገልብጣችሁ ወሎ ላይ አትለጥፉ። ቢያን የተባለ ተመራማሪ ቻይና፣ ቲያንጂን ላይ ሠርቶ በ1997 ያሳተመው ተቃራኒውን ነው። እዚያ ሥራ ያስገኝ የነበረው ጠንካራ ትስስር ነበር፤ ምክንያቱም በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ወሬ ሳይሆን ውለታ ነው። ውለታ ደግሞ ለማይቀርቡት ሰው አይዋልም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ብዙ መስመር ያለው ነጥብ ዋናው ነው።» ተማሪው ሶፍትዌሩን ይከፍታል፣ የእያንዳንዱን ነጥብ መስመር ይቆጥራል፣ ከላይ ወደ ታች ይደረድራል፣ አንደኛ የወጣውን «ቁልፍ ተዋናይ» ብሎ ይሰይምና ምክረ ሐሳቡን በሙሉ እሱ ላይ ይከምራል። ቆጠራው ልክ ነው። ድምዳሜው ግን ከቆጠራው አይወጣም።

ወረቀት አውጡና ራሳችሁ ሞክሩት። ክራክሃርት የተባለ ተመራማሪ በ1990 ያቀረበው 10 ነጥብ ያለው ታዋቂ ምሳሌ አለ፤ ቅርጹ ልጆች በክር የሚያበሩትን ካይት ከነጭራው ይመስላል። በላይኛው በኩል 7 ነጥቦች እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፣ ከመካከላቸው አንዱ 6 መስመር አለው። ከታች 3 ነጥቦች ጭራ ሆነው ተከታትለዋል። የጭራው መጀመሪያ 3 መስመር ብቻ ነው ያለው፦ 2ቱ ወደ ላይ፣ 1ዱ ወደ ታች። ባለ6 መስመሩን በላጲስ አጥፉት፤ የቀሩት ሁሉ እንደተገናኙ ናቸው። መልሳችሁ ሳሉትና ባለ3ቱን አጥፉት፤ ታች ያሉት 2 ተቆርጠው ይቀራሉ። ቢትዊንነስ የሚለካው ይሄንን ነው፦ በሌሎች መካከል ካሉት አጫጭር መንገዶች ስንቱ በዚህ ነጥብ ላይ ያልፋል? የሚል ነው።

አገራችንን ካያችሁም ትልቅ መሆንና መገናኛ መሆን የተለያዩ ናቸው። ጋሸና ከደሴ ጋር የምትወዳደር ከተማ አይደለችም። ግን ከወልዲያ በድልብ የሚመጣው፣ ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫ የሚመጣው፣ ከላሊበላ የሚመጣውና በኮን በኩል የሚመጣው መንገድ እዚያ ይገናኛል። በሕዝብ ብዛት ብቻ ከተሞችን የደረደረ ሰው ጋሸናን ዝርዝሩ ግርጌ ያገኛታል።

አንድ ተማሪ ደግሞ ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ የግመል ንግድ እየሠራ መጣ። አንደኛ ያወጣው አንድ ትልቅ ነጋዴ ነው፤ የማያውቀው ሰው የለም። ሥልጠናም፣ ብድርም፣ የዋጋ መረጃም በእሱ በኩል ይሰጥ ብሎ ጽፏል። ሠንጠረዡን ወደ ታች ስወርድ ጥቂት መስመር ብቻ ያለው አንድ ደላላ አየሁ። ማነው ይሄ ስለው፣ «እሱማ አፋርኛም ኦሮምኛም አማርኛም ይችላል፣ ከቆላ የመጣውን ሻጭ ከደጋ ገዢ ጋር የሚያስማማው እሱ ነው» አለኝ። ልጁ መልሱን ያውቀዋል! ሠንጠረዡን አምኖ የሚያውቀውን ተወው። ቢትዊንነሱን ስናሰላ ደላላው ወደ ላይ ወጣ፣ ነጋዴው ወረደ። ትልቁ ነጋዴ የሚያውቃቸው ሰዎች እርስ በርሳቸውም ይተዋወቃሉና እሱ ባይኖርም ግብይቱ አይቆምም ነበር።

እዚህ ላይ ሌላው ስህተት ይመጣል። «እሺ፣ ከአሁን በኋላ ቢትዊንነስ ነው የምጠቀመው።» አይ! ያንንም በጭፍን አይደለም። ቦርጋቲ የተባለ ተመራማሪ በ2005 በደንብ አስረድቶታል፤ መለኪያው ሁሉ በመስመሩ ላይ ምን እንደሚያልፍ የራሱ ግምት አለው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚሄድ ሲኖትራክ አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ ለእሱ ቢትዊንነስ ይሆናል። ወሬ ግን መንገድ አይመርጥም። አንዷ አቦል ላይ ያወራችው ቡና ለሚጠጣው ሁሉ በአንዴ ይደርሳል፣ እሷም ጋ አይጠፋም። መቶ ብር ደግሞ ከሰጠሁህ እኔ ጋ የለም፤ ባንዴ አንድ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሦስቱን በአንድ ቀመር የለካ ሰው አንዱን እንኳ በትክክል አልለካም። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት የወሬና የውለታ ልዩነትም ከዚሁ ነው።

ተላላፊ በሽታ ላይ ደግሞ የመስመር ብዛት በእርግጥ ይጠቅማል። የጤና ተማሪዎች ይህን ልብ በሉልኝ። ማን ብዙ ሰው እንደሚያገኝ የሚያሳይ ካርታ ከሌላችሁ፣ ሰዎችን በዕጣ ምረጡና እያንዳንዱን የምታውቀውን አንድ ሰው ጥራልኝ በሉት፤ ክትባቱን ለተጠራው ስጡ። ኮኸንና ባልደረቦቹ በ2003 በስሌት ያሳዩት ነው። የሚሠራውም ብዙ ሰው የሚያውቅ ሰው በብዙዎች ስለሚጠራ ነው።

«የአንድ ቅሬ አባላት ናቸው፣ ስለዚህ ሁሉንም አገናኘኋቸው።» (ቅሬ የወሎ እድር ነው።) ይሄኛው ወሎ ላይ በብዛት የማየው ነው። 60 አባወራ ያለውን ቅሬ እንዲህ ካደረጋችሁት 1,770 መስመር ፈጠራችሁ። ለቅሶ ላይ አብረው የተቀመጡ ሁሉ ብር አይበዳደሩም፣ ዘር አይዋዋሱም። ቅሬውን ራሱን እንደ ነጥብ ሳሉትና አባላቱን ከእሱ ጋር አገናኙ። እቁብም፣ ማኅበርም እንደዚያው።

«ነጥቡ የሥዕሉ መሃል ላይ ነው ያለው፣ እዩት።» ነጥቡን እዚያ ያስቀመጠው ሶፍትዌሩ ነው። ደግማችሁ ስታስነሱት ቦታው ሊቀየር ይችላል። ሥዕል ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት እነዚህን በእርሳስ ጽፋችሁ ኑ። አንድ መስመር የሚሰመረው ምን ሲሆን ነው? በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ምንድን ነው፣ ሲሰጥ ሰጪው ጋ ይቀራል ወይስ ይሄዳል? አቅጣጫ አለው? ያልጠየቃችኋቸው ሰዎች እነማን ናቸው? የመጨረሻው በተለይ ወሳኝ ነው፤ የባቲው ደላላ መጠይቅ በተሞላበት ቀን ገበያ ባይውል ኖሮ ኔትወርኩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ተማሪውም ደጋና ቆላ አይገበያዩም ብሎ ይጽፍ ነበር። ፋይሉንም በኤክሴል አምጡ፦ ከማን፣ ወደ ማን፣ ምን፣ ስንት ጊዜ፣ በየራሱ ዓምድ። ሥዕል ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ዳታውን እስኪያመጣ ምንም ልረዳው አልችልም።