«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው»፦ የተረቱ ትርጉም፣ ምንጩና የሐኪሙ ጥያቄ

መጨመት መርጋት ነው፤ አደብ መግዛት፣ ቁጥብ መሆን። ተረቱ «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ሲል ጠዋት ረግቶ ያያችሁት እብድ ከሰዓት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳልና አትመኑት ማለቱ ነው። ባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ባሉ የገጠር ከተሞች ይህ ተረት በእውነት ስለ ታመመ ሰው የሚነገረው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ሽምግልና ላይ ነው። የጎረቤቱን ድንበር ሲገፋ የኖረ ሰው «ከእንግዲህ በዚያ በኩል ዝር አልልም» ብሎ ሲምል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየሰበሰበ «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ዋስ ይጥራ» ይላል። መጠጥ ተውኩ ብሎ ለሚገዘት ሰው፣ ዕዳውን በወሩ እከፍላለሁ ለሚል ነጋዴም ይነገራል። ድንገተኛ ለውጥን ያለ ዋስትና አትቀበል የሚል ምክር ስለሆነ በዚህ አገልግሎቱ ከተረቱ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ የሚጀምረው ታሞ ለዳነ ሰው ሲነገር ነው። አንድ ወጣት በሃያ ዓመቱ ታመመ፣ ታከመ፣ ዳነ እንበል። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሠርቶ፣ ጓሮውን አልምቶ፣ ዕቁብ ገብቶ ይኖራል። ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ግን ከልጅቷ ዘመዶች አንዱ ተረቱን ያወጣዋል። ወጣቱ በዚህ ተበሳጭቶ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ደግሞ ማስረጃ ይሆንበታል። ማንም ሰው በሚቆጣበት ነገር መቆጣት ለእሱ ብቻ የበሽታ ምልክት ተደርጎ ይቆጠርበታል። ይህን ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ተረቱ እኩለ ቀንን ለምን መረጠ? እስከ ማታ፣ እስከ ሳምንት ማለት ይችል ነበር። እኔ እንደማምነው እኩለ ቀን እዚህ ላይ ተራ ሰዓት አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በመዝሙር 90 ላይ «የቀትር ጋኔን» የሚለውን ያውቀዋል። በጣና ዳር ያደገ ልጅም በቀትር ወደ ውኃ አትውረድ፣ ከዋርካ ሥር አትተኛ፣ ወንዝ ዳር ብቻህን አትቀመጥ ሲባል ይሰማል። የሚፈራው ለከፋት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ መንገዱ ጭር ሲል፣ ክፉው ይዘዋወራል ተብሎ ይታመናል። በተረቱ ውስጥ የእብዱ ጭምትነት የሚያበቃው ልክ በዚህ ሰዓት መሆኑ ከዚህ እምነት የወጣ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ተረቱን የፈጠሩት ሰዎች እምነት ብቻ ሳይሆን ዓይንም ነበራቸው። ጠዋት ልጆቹን በስም እየጠራ አጥሚት የጠጣ በሽተኛ ከሰዓት በኋላ የት እንዳለ ሲጠፋበት፣ ሲመሽም ከጣሪያው ላይ የሌለ ነገር ሲለቅም አይተዋል። ይህ በሕክምናው ዓለም በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ስሙ ዴሊሪየም ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወደ ማታ ይብሳል። ዋና ምልክቱ ሰውየው ልቡን ሰብስቦ ማዳመጥ አለመቻሉ ነው። መነሻው ደግሞ አካል ነው፤ አንጎልን የሚያውክ ሌላ ሕመም አለ ማለት ነው።

በጣና ዙሪያ ለዚህ የሚሆን ምክንያት አይጠፋም። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ወባ ይበረታል፤ ሰዉ «ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት» የሚለው በሽታ ያስለፈልፋል፣ ያስጮሃል፣ ካልታከመም ይገድላል። ተስቦና ታይፎይድም ያቃዣሉ። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው የደሙ ስኳር ሲወርድ የማይገባ ነገር ይናገራል። ለዓመታት አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥና የሌለ ነገር ማየት ሊጀምር ይችላል፤ ቤተሰቡም «መጠጡን በተወ ማግሥት አበደ» ይላል። በቅኔ ቤቶች አገር በጎጃም የምናውቀው አብሾም አለ። ትምህርት እንዲገባ ተብሎ ይጠጣ የነበረው ይህ መድኃኒት ከአስተናግር ጋር ይያያዛል። አስተናግር በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ነጭ አበባና እሾኻም ፍሬ ያለው መርዛማ ተክል ነው። ፍሬውን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ገላው ይግላል፣ በአየር ላይ የማይታይ ነገር ሲይዝና ሲለቅ ይውላል። ከቆየ በኋላም ስካር ሲነሳበት «አብሾ አለበት» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚሁ ነው።

እነዚህ ሁሉ በአንድ «እብድ» የሚል ስም ስር ሲገቡ ነው ሰው የሚሞተው። ትኩሳት ያለበትን ሁሉ «ትኩሳታም» ብለን አንድ መድኃኒት ብንሰጥ ምን እንደሚደርስ የወባ አገር ሰው ያውቃል። እብደትም እንዲሁ የብዙ በሽታ መገለጫ ነው። ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ከአካል ሕመም የመጣ ነው ወይ የሚል ነው። ድንገት የለወጠውን፣ በተለይም ትኩሳት ያለውን ሰው አስሮ ቀናት ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ወደሚገኝበት ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ከዚህ ካለፍን በኋላ ተረቱ ያነሳው ነገር በሳይንሱም ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ሆኖ እናገኘዋለን። ጭምትነቱ ምን ያህል ይቆያል? ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በሃይደልበርግ ሲሠራ የሕሙማኑን ታሪክ በካርድ እየመዘገበ ከዓመታት በኋላ ምን እንደሆኑ ይከታተል ነበር። በታመሙበት ቀን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሰዎች መንገዳቸው ይለያያል። አንዳንዶቹ በደስታ ብዛት ወይም በከባድ ሐዘን ተይዘው ከቆዩ በኋላ ወደ ቀድሞ ማንነታቸው ይመለሳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እየደከሙ ይሄዳሉ። በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መማሪያ ሁለቱን ለያቸው። የመጀመሪያው ዛሬ ባይፖላር ለምንለው፣ ሁለተኛው ስኪዞፍሬኒያ ለምንለው መነሻ ሆነ። ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም በ1908 ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር ደግሞ ሁሉም ሰው እየደከመ እንደማይሄድ፣ የሚሻላቸውም እንዳሉ አስተዋለ። በእኛው አገር በቡታጅራ ሕሙማንን በየቤታቸው ለዓመታት የተከታተለው ጥናትም የበሽታው ጉዞ ከሰው ሰው እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። ተረቱ ጥያቄውን በትክክል ጠይቋል፤ ስህተቱ ለሁሉም አንድ መልስ መስጠቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ በአብዛኛው በጊዜ የተለካ ነው። ድባቴ ለመባል ምልክቶቹ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከልክ ያለፈ መነቃቃት ለመባል አንድ ሳምንት፣ ስኪዞፍሬኒያ ለመባል አንድ ወር መቆየት አለባቸው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለስኪዞፍሬኒያ ስድስት ወር ይጠይቃል። በሌላ በኩል ድንገት ጀምሮ በቀናት ወይም በሳምንታት የሚጠፋ፣ ከሦስት ወር የማያልፍ የሳይኮሲስ፣ ማለትም እውን የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የሚያቅትበት፣ ሕመም አለ፤ የራሱ ስምና የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። ያ በሃያ ዓመቱ ታሞ የዳነው ወጣት የያዘው ይህ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ከባድ የድባቴ ዓይነቶች ደግሞ ተረቱ ይገለበጣል፤ ሰውየው ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቅቶት ውሎ ወደ ማታ ይቀለዋል። ቤተሰቡ ጠዋት ሲያየው «ሰነፍ»፣ ማታ ሲያየው «አስመሳይ» ይለዋል። ሁለቱም ሐሰት ነው።

ይህን ሁሉ የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ደም የሚመረመረው ሌላ በሽታ እንደሌለ ለማረጋገጥ ነው፤ የቀረው ሥራ ማየት፣ መጠየቅና ማዳመጥ ነው። ሐኪሙ አለባበሱን፣ አነጋገሩን፣ ስሜቱን ያያል። ሐሳቡ ይያያዝ እንደሆነ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ እንደሆነ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለ ሞት ሐሳብ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም፤ ይህን ቤተሰብም ቢያውቀው እመኛለሁ።

መጠየቅ አገር ማወቅን ይፈልጋል። «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ ከደቅ ደሴት የመጡ አዛውንት «ትናንት ጊዮርጊስ አልነበር? ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነዋ» ቢሉ ቀኑን በትክክል ተናግረዋል፤ 24 ነው። ይህን የማያውቅ መርማሪ ግን ጊዜውን አያውቁም ብሎ ሊጽፍባቸው ይችላል። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር የሚለው ፈተናም ትምህርት ቤት ላልገባች እናት የሚመጥን አይደለም። «እማማ፣ ቅዳሜ ገበያ በመቶ ብር ገብተው የሠላሳ ብር ሽንኩርትና የሃያ አምስት ብር ጨው ቢገዙ ስንት ይተርፍዎታል?» ቢባል ያንኑ ይለካል። የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰማሁ ያለ መነኩሴም ወዲያውኑ በሽተኛ አይባልም። አብረውት ያሉት አባቶች የሰማውን እንዴት ያዩታል? ጸሎቱን፣ ምግቡን፣ እንቅልፉን፣ ሥራውን አስቀርቶበታል? ይህን ሳይጠይቁ መፍረድ አይገባም። የአሜሪካው መመሪያ ራሱ በ2013 እትሙ «እርስዎ ሕመሙን ምን ብለው ይጠሩታል? ምን ያመጣው ይመስልዎታል?» የሚሉ የባህል ጥያቄዎችን አካትቷል። በሽተኛው «ለከፋት ነው» ቢል ሐኪሙ አይከራከርም፤ ይጽፈዋል፣ ከዚያም ይቀጥላል።

ድሮ በጎጃም የጸናበት ሰው ዓባይን ተሻግሮ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ይወሰድ ነበር። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ግዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ሆኖም ተረቱን እውነት የሚያስመስሉ ነገሮች አሁንም አሉ። ትልቁ፣ የተሻለው ሰው መድኃኒቱን ማቆሙ ነው። ድምፁ ጠፋ፣ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ እንግዲህ ድኛለሁ ብሎ ያቆማል። በሽታው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲመለስ ጎረቤት «አላልኩም?» ይላል። መድኃኒቱ መቋረጡን ግን ማንም አያነሳም። ጸበል ከመግባት ጋር መድኃኒት የሚያቆሙም ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፣ ይህን የሚመክሩ ካህናትም አሉ። በሁዳዴና በረመዳን ደግሞ የቀኑ ኪኒን ይዘለላል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም የታመመን ሰው ጹም ብለው አያስገድዱም፤ መጾም ለሚፈልግም ብዙዎቹ መድኃኒቶች በሐኪሙ ፈቃድ ወደ ማታ መዛወር ይችላሉ። ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ በጀልባ ለሚመላለስ ሰው በየወሩ የሚወጋ መርፌም አለ፤ ስለዚህ መጠየቅ መብቱ ነው።

ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው መታመሙን ብቻ ነው፤ ምን እንደሰበረ፣ ማንን እንደመታ። ከጀልባው ወይም ከታክሲው ሲወርድ አንድ ነገር አስታውሶ ቢመጣ ይረዳል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሕመም መካከል ስንት ጊዜ ደኅና ነበር? ያን ጊዜ ያርስ፣ ይነግድ፣ ይማር፣ ከሰው ጋር ይጫወት ነበር ወይ? እንቅልፍ ሳያምረው ገንዘብ የበተነበት፣ ከልክ በላይ የተደሰተበት ሳምንትስ ነበረ? በመካከል ሙሉ በሙሉ ደኅና ሆኖ የኖረና እንዲህ ዓይነት ሳምንታት ያሳለፈ ሰው ባይፖላር ሊሆን ይችላል፤ የሚሰጠውም መድኃኒት ለስኪዞፍሬኒያ ከሚሰጠው ሊለይ ይችላል። ሐኪሙ ይህን የሚያገኘው ሰውየው ደኅና በነበረበት ዘመን አብረውት ከኖሩት ሰዎች ነው።