የባሕር ጠረፍ ምሽግ ምንድን ነው? ጅማ ላይ ሆኖ ለሚጠይቅ፣ ካሜራም ለያዘ

የባሕር ጠረፍ ምሽግ ከባሕር የሚመጣን ጠላት በመድፍ ለመመከት በወደብ አፍ፣ በሰርጥ ዳር ወይም በደሴት ላይ የተሠራ ግንብ ነው። ትርጉሙ አጭር ነው። ሰው የሚደናገረው ባሕር ዳር ያረጀ ግንብ ሁሉ ምሽግ ስለሚመስለው ነው፤ የሱልጣን ቤት፣ የነጋዴ መጋዘን፣ የከተማ ቅጥር፣ ሁሉም ከሩቅ አንድ ናቸው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ ግንብ የሚጠብቀው ምንን ነው? የከተማ ቅጥር የሚጠብቀው ውስጡ ያለውን ሰው ነው። የጠረፍ ምሽግ ግን ዋና ሥራው ከግንቡ ውጭ ነው፤ መርከብ የግድ የምታልፍበትን ውሃ ይጠብቃል። ስለዚህ ግንቡን ብቻ አይቶ የሄደ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ባሕር የሌለው የጅማ ሰው ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማ መንግሥት ድንበሩ በተቆፈረ ጉድጓድና ሞጋ በሚባል ሰው በማይሰፍርበት ባዶ መሬት የተከለለ ነበር። መግቢያው ኬላ ነው። ነጋዴ በፈለገው በኩል ዘው አይልም፤ ኬላ ላይ ቆሞ፣ ማንነቱ ታይቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ ነው ወደ ሒርማታ ገበያ የሚወርደው። አገር ሙሉ በዘበኛ ከመክበብ ሰው የማያመልጣትን አንዲት መተላለፊያ መያዝ ይቀላል። የጠረፍ ምሽግም የባሕር ኬላ ነው ብትሉ አትሳሳቱም፤ ብቻ ኬላው ጋ የሚጠብቀው መድፍ ነው። ሁለቱ ደግሞ በሐሳብ ብቻ አይደለም የሚገናኙት። ከእኛ አካባቢ የተነሣው የነጋዴ ቅፍለት ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ቡናውን፣ አሳዛኙን የባሪያ ንግድ ጭምር ይዞ ጎጃምንና ጎንደርን አቋርጦ እስከ ምጽዋ ይዘልቅ ነበር። ምጽዋን ኦቶማኖች በ1557 ያዟት፤ ኋላ ግብፆች ተቀመጡባት፤ በ1885 ጣሊያን ገባባት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወደቡን የያዘ የመሐል አገሩን ገበያ ጉሮሮ ይዟል።

አሁን ወደ መድፉ። መርከብ ከምሽግ ጋር ስትታኮስ ብዙውን ጊዜ የምትጎዳው እሷ ነበረች። ምክንያቱ ቀላል ነው። መድፈኛዋ ሲያነጣጥር የቆመበት ወለል በማዕበል ይነሣል፣ ይወድቃል፤ የምሽጉ መድፈኛ እግሩ ዐለት ላይ ነው። መርከቧ እንጨት ናት፣ ምሽጉ ድንጋይ። በዚያ ላይ ብዙ ምሽጎች የብረት አረር የሚያግሉበት ምድጃ ነበራቸው፤ ቀልቶ የወጣ አረር ሳንቃ ውስጥ ከተቀረቀረ መርከበኛው መዋጋቱን ትቶ እሳት ሲያጠፋ ይውላል። የመርከብ ብልጫዋ ሌላ ነው፤ ሰዓቷን ትመርጣለች። ጨለማና ምቹ ነፋስ ካገኘች ተኩሱን ችላ ልታልፍ ትችላለች። ለዚህ ነው ምሽግ ብቻውን የማይበቃው፤ መርከቧን የሚያዘገይ ነገር አብሮት ያስፈልጋል። ድሮ በወደብ አፍ ላይ የተዘረጋ ሰንሰለት ነበር፣ በኋላ የባሕር ፈንጂ ሆነ።

በቱርክ ባለው የዳርዳኔል ሰርጥ መጋቢት 18 ቀን 1915 የተደረገውን ውጊያ ያየ ይህን ይረዳል። የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ሰርጡን በኃይል ሊያልፉ ሞከሩ። የኦቶማኖቹ መድፎች ፈንጂ ጠራጊ ጀልባዎቹን አላስጠጋ አሉ፤ ያልተጠረገው ፈንጂ ደግሞ ትልልቆቹን መርከቦች ጠበቃቸው። ቡቬ፣ ኢሬዚስቲብልና ኦሽን የተባሉት ሦስት የጦር መርከቦች በዚያው ቀን ጠፉ። መድፉ ፈንጂውን ጠበቀ፣ ፈንጂው ሰርጡን ጠበቀ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የኖርዌዩን ኦስካርስቦርግ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን ከባድ መርከብ ብሉሸር ወታደር ጭና ወደ ኦስሎ ስትገሰግስ ያገኘችው ጡረታ ላይ ያለ የሚመስል ምሽግ ነበር። መድፎቹ በ1890ዎቹ የተሠሩ ናቸው፣ የሚበዙት ወታደሮችም ገና ምልምል። አዛዡ ቢርገር ኤሪክሰን ከትላልቆቹ መድፎች ሁለት ጥይት ብቻ አስተኮሰ፤ ሁለቱም አገኙ። ከዚያ ከውሃው ዳር የተደበቁት ቶርፔዶዎች ተከተሉ፣ መርከቧም ሰጠመች። ኖርዌይ ከመያዝ አልዳነችም፤ ንጉሡና መንግሥቱ ግን ከኦስሎ ለመውጣት ሰዓታት አገኙ። ያረጀ መድፍ ትክክለኛ ቦታ ላይ ከቆመ ይህን ያህል ይሠራል።

የምሽጎች ቅርጽ ለምን እንዲህ ይለያያል? ቅርጹ ሁሌም በዘመኑ ለነበረው መድፍ የተሰጠ መልስ ስለሆነ ነው። የፈረንሳዩ ቻርልስ ስምንተኛ በ1494 የነሐስ መድፎቹን ይዞ ጣሊያን ሲገባ ቀጫጭኖቹ ረጃጅም ቅጥሮች መናድ ጀመሩ። ጣሊያኖች ግንቡን ዝቅ አድርገው አወፈሩት። ክብ ማማዎቹንም ተዉ፤ ክብ ማማ ፊት ለፊቱ ላይ ከየትኛውም ጎን ተኩስ የማይደርስባት ቦታ አለች፣ ጠላት እዚያች ተለጥፎ ግንቡን ይቆፍራል። በምትኩ ባስቲዮን መጣ፤ ከማዕዘኑ ወደ ውጭ እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ የግንብ ክንፍ። አንዱ ክንፍ የሌላውን ጎን በተኩስ ይጠርጋል፣ የተለጠፈ ጠላት መሸሸጊያ የለውም።

ይህን በቅርብ ለማየት ለኢትዮጵያዊ የሚቀናው ሞምባሳ ያለው ፎርት ጂሰስ ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ባለው ጊዜ አሠሩት፤ የነደፈው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። ከኮራል ዐለት ላይ ቆሞ ከኮራል ድንጋይ ተገነባ፣ አራት ባስቲዮኖች አሉት፣ ከላይ ሲታይ በጀርባው የተኛ ሰው ይመስላል። ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጥንካሬውን ሁሉ ይዞ ግን እጅ ሲለዋወጥ ነው የኖረው። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን ውስጡ ገብቶ የፖርቱጋሉን አዛዥ ገደለና ያዘው። ከ1696 ጀምሮ ኦማኖች ከበቡት፤ ከበባው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ታኅሣሥ 1698 ወደቀ። ግንቡን የጨረሰው መድፍ አልነበረም። ውስጥ ያለውን ሰው በሽታ ጨረሰው። ሊረዳ የመጣ ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና የተባለ የፖርቱጋል የጦር መርከብ እዚያው ምሽጉ ፊት በ1697 ሰጥሟል፤ በ1970ዎቹ የባሕር አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረውታል።

እዚህ ላይ የጠረፍ ምሽግ ትልቁ ምስጢር ይወጣል፦ ፊቱ ወደ ባሕር ነው፣ የሚወድቀው ግን ብዙ ጊዜ በጀርባው ነው። በ1794 ኮርሲካ ውስጥ ሞርቴላ የተባለች አንዲት ክብ ማማ በጥቂት መድፍ ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ደብድባ መለሰች። እንግሊዞች መድፍ ወደ የብስ አውጥተው ከምድር ሲተኩሱባት ነው የተያዘችው። ተገርመው ቅርጿን ቀዱ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራሳቸው ጠረፍ ላይ ከመቶ በላይ ተመሳሳይ ማማዎች ሠሩ። ሲንጋፖርም በየካቲት 1942 የተያዘችው ጃፓኖች በማላያ ምድር ወርደው ነው። «መድፎቹ ወደ ባሕር ብቻ ስለሚዞሩ ነው» የሚለው ወሬ እስካሁን ይነገራል፤ አብዛኞቹ ግን መዞር ይችሉ ነበር። ችግሩ ጥይታቸው በብዛት የመርከብ ብረት ለመብሳት የተሠራ እንጂ እግረኛ ለመበተን የሚሆን አለመሆኑ ነው።

የድንጋይና የጡብ ምሽግ ዘመን ያበቃው ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። በጆርጂያ ያለው ፎርት ፑላስኪ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ውፍረት ያለው የጡብ ግንብ ነበረው፤ ከባሕር ማዶ ደሴት የሚተኮስ መድፍ አይደፍረውም ተብሎ ተማምነውበታል። ሚያዝያ 1862 ውስጠኛ አፈሙዙ ጠመዝማዛ የተደረገ አዲስ መድፍ ከአንድ ማይል በላይ ርቆ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ቀደደው። ከዚያ በኋላ ምሽግ መታየቱን ተወ፤ ወደ መሬት ገባ፣ ኮንክሪት ለበሰ፣ ላዩ በአፈርና በሣር ተሸፈነ። ተኩሶ በራሱ የግፊት ኃይል ወደ ጉድጓዱ የሚሰወር መድፍ እንኳ ተሠርቶ ነበር። ቀጥሎ አውሮፕላንና ሚሳይል መጣ። አሜሪካ የጠረፍ መድፈኛ ጦሯን በ1950፣ እንግሊዝ ደግሞ በ1956 በተነች።

ካሜራ የያዘ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? አብዛኛው ጎብኚ የሚያነሣው በሩን ነው። በሩ ያምራል፣ ነገር ግን ስለ ምሽጉ የሚነግረን ትንሽ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው ወደ መድፍ መስኮቱ ነው፤ ከመድፉ ጀርባ ቆሜ መድፈኛው ያየውን ውሃ አነሣለሁ። ያ አንድ ፎቶ ግንቡ ለምን እዚያ እንደቆመ ይናገራል። ሁለተኛው ባስቲዮኑ ጫፍ ላይ ቆሞ በግንቡ ርዝመት የሚነሣው ነው፤ አንዱ ክንፍ ሌላውን እንዴት እንደሚጠብቅ በዓይን ይታያል። ሦስተኛው ጀርባው ነው፣ ማንም የማያነሣው የየብሱ ጎን፤ ጉድጓዱ፣ የተጠገነው ድንጋይ፣ አዲስና አሮጌ ኖራ የሚለይበት መስመር።

የመድፍ መስኮት ፎቶ አስቸጋሪ ነው። ክፍሉ ጨለማ፣ ባሕሩ የሚያንጸባርቅ። ካሜራውን መቆሚያ ላይ አድርጎ በተለያየ ብርሃን ሦስት ጊዜ አንሥቶ ማዋሃድ ይቻላል፤ ስልክም አሁን ይህን በራሱ ይሠራል። ለእኔ ግን ውህዱ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ ክፍሉን ሳሎን ያስመስለዋል። ብርሃኑን ለባሕሩ ለክቼ ክፍሉ እንዲጨልም መተው እመርጣለሁ፤ እዚያ ውስጥ በባሩድ ጭስ ታፍነው የሠሩ ሰዎች ያዩት እሱን ነው። ይህን ለመለማመድ ሞምባሳ መሄድ አያስፈልግም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ምሽግ አይደለም፣ የእንጨት ሥራው የበረታ የመኖሪያና የአስተዳደር ቤት ነው፤ ነገር ግን ከጨለማ ክፍል ወደ ብሩህ ሜዳ ማንሣትን ከእሱ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ ጅማ ውስጥ አላውቅም። ከበረንዳው ቁልቁል ስታዩም ኮረብታው ለምን እንደተመረጠ ይገባችኋል።

ብርሃኑን በተመለከተ ጅማም ሞምባሳም ለምድር ወገብ ቅርብ ናቸው፤ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ግድግዳውን ሁሉ ልሙጥ ታደርገዋለች። የድንጋዩ ሻካራነት የሚወጣው ብርሃኑ ግድግዳውን በጎን ሲቧጭረው ነው፣ ያም ጠዋት ገና ወይም ወደ ማታ ነው። በፎርት ጂሰስ ባሕሩ በምሥራቅ ስለሆነ የባሕሩ ግድግዳ የጠዋት ነው። ረጅም ግንብ ሥር ቆሞ ካሜራ ወደ ላይ ማዘንበል ግንቡን ወደ ኋላ የሚወድቅ ያስመስለዋል፤ ራቅ ብሎ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ማንሣት፣ ትርፉን ኋላ ከፎቶው ላይ መቁረጥ ይሻላል። ሰው ይግባበት፤ ያለ ሰው የመድፉን መጠን ማንም አይገምትም። የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ሌንስ ላይ ይቀመጣል፣ በደረቁ ከመጥረግ መጀመሪያ ጨውን እፍ ብሎ ማራገፍ፣ ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማንሣት ነው።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ጋና ያለው ኤልሚና በ1482 ለወርቅ ንግድ ተሠርቶ ኋላ ሰው የሚታጎርበት ሆነ፤ ፎርት ጂሰስም ከ1895 እስከ 1958 የእንግሊዞች እስር ቤት ነበር። እነዚያን ክፍሎች ጥላና ብርሃን አሳምሮ ለሰርግ ፎቶ ዳራ ማድረግ ነውር ነው። በፎርት ጂሰስ ሰልችቷቸው የተቀመጡ የፖርቱጋል ዘበኞች በግድግዳ ላይ መርከብና ሰው ስለዋል፤ ያን ሥዕል ያለ ፍላሽ አንሡት፣ እጃችሁን አታሳርፉበት።

ድሮን ለማስነሣት ኢትዮጵያም ኬንያም ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጨርሱት። ብዙ አሮጌ ምሽግ ዛሬም የባሕር ኃይል ወይም የወደብ ግቢ ውስጥ ነው፣ ቱሪስት የሚገባበት ቢመስልም ካሜራ ከመክፈት በፊት በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ መጠየቅ ይቀድማል። የተተዉት ደግሞ የዛገ ብረት፣ ክዳን የሌለው የጥይት ጉድጓድና የሚረግፍ ጣሪያ አለባቸው፤ ብቻችሁን አትግቡ፣ ጦርነት በነበረበት ጠረፍ ላይ መሬት ላይ የምታዩትን ብረት አትንኩ።