ሴት ሚዜነትና ብራይዳል ሻወር በአዲስ አበባ

ሴት ሚዜ ሙሽራዋን ከዝግጅቱ ጀምሮ እስከ መልስ የምታጅብ ሴት ናት። ብዙ ጊዜ እህት፣ የአክስት ልጅ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ ትሆናለች። ብራይዳል ሻወር ደግሞ ሰርጉ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚዜዎቹና ሴት ጓደኞቿ የሚያዘጋጁላት ድግስ ነው። ስለ ሽምግልናና ስለ ጥሎሽ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሴት ሚዜ ግን አንድ ቦታ የተሰበሰበ ነገር አጣሁ። ስለዚህ የእናቴን አልበም፣ የአክስቶቼን ጨዋታና አምስት ጊዜ ሚዜ ሆኜ ያየሁትን ይዤ ይህን አጠናቅሬያለሁ።

ድሮ ሚዜ ሲባል ወንድ ነው። የሙሽራው ጓደኛ ቢሆንም ትልቁ አደራ የሙሽራዋ ነው። ማንንም ወደማታውቅበት ቤት ስትገባ ወንድም ሊሆናት ቃል ይገባል። በጫጉላው ጊዜ አብሮ ይሰነብታል፣ ያጫውታታል። «ብር አምባር ሰበረልዎ» እየተባለ የድንግልናዋ ምስክር ለወላጆቿ ሲወሰድም ወሳጆቹ ሚዜዎች ነበሩ። ይህኛው ከተማ ውስጥ ቀርቷል፤ በመቅረቱ የተቆጨች ሴት አላጋጠመችኝም። የሴቶቹ ሥራ ስም አልወጣለትም እንጂ ነበረ። እኩዮቿ ሹሩባ ይሠሯታል፣ በእንሶስላ ሥር እጅና እግሯን ያቀሏታል፣ ማታ ማታ ከበሮ ይመታሉ።

ነጭ ቬሎና አንድ ዓይነት የለበሱ አጃቢዎች የአውሮፓ ነገር ናቸው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ስታገባ 12 ሴቶች አጅበዋት ነበር። በእናቴ አልበም ውስጥ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ሁለት ሴት ሚዜዎች ትከሻው የተነፋ ሮዝ ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። አሁን አራት አምስት መሆን የተለመደ ነው። ቁጥሩ ከወንዶቹ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አዳራሽ የሚገባው ጥንድ ጥንድ ሆኖ እየተጨፈረ ነዋ።

ሻወሩ ከአሜሪካ ነው የመጣው። በዲያስፖራ ሙሽሮች በኩል ገባ የሚሉ አሉ፣ በፊልም ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። የእንሶስላውን ማታ አጠፋው የሚባለውን ግን አልቀበልም። እንሶስላው ከሻወሩ በፊት ነው የሳሳው። እንዲያውም ሴቶቹን ለብቻቸው መልሶ ያሰባሰበው ሻወሩ ነው። ሙስሊም ጓደኞቻችን ደግሞ የሂና ፕሮግራማቸውን አልተዉም፤ አንዳንዶቹ ሁለቱን በአንድ ቀን ያደርጉታል። በጴንጤዎቹ ዘንድ ጸሎትና የትልልቅ እህቶች ምክር ይገባበታል። ካየኋቸው ሁሉ ረጅሙ ሻወር እንዲህ ያለው ነው።

አዘገጃጀቱ የሚጀምረው አንደኛ ሚዜዋ ሙሽራዋ የሌለችበት የቴሌግራም ግሩፕ ስትከፍት ነው። መጀመሪያ መዋጮ ይቆረጣል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ «ነገ አስገባለሁ» ማለት ከባድ ሆኗል፤ ያላስገባችው ወዲያው ትታወቃለች። ገንዘብ ያዥዋ ከአንደኛ ሚዜዋ ሌላ ብትሆን ይመረጣል። አንደኛዋ ሙሽራዋን መዋሸት፣ ዲኮር ማናገርና ቦታ መያዝ ስላለባት ሒሳብ ሲጨመርባት ትፈነዳለች። ቦታው የአንዷ ቤት ሳሎን፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የሆቴል ክፍል ሊሆን ይችላል። ሳሎኑን የሚያህል የለም። ምግቡ ከቤት ይወጣል፣ ሰዓት ሞላ ብሎ የሚያስወጣም የለም።

ጀማሪ የምትረሳው ነገር ጾሙን ነው። ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ሲቆጠር ሻወሩ የገና ጾም ላይ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ኬኩ የጾም ይታዘዛል። አንድ ጊዜ ይህን ረስተን ባለ ክሬም ኬክ አስመጣን። ሙሽራዋ ቆርሳ ፎቶ ተነሳች፣ የበሉት ግን የጎረቤት ልጆች ናቸው።

በዕለቱ ሙሽራዋ በሆነ ሰበብ ትጠራለች። ሰርፕራይዝ ይባላል እንጂ አብዛኞቹ ያውቃሉ፤ ጥፍሯን ተሠርታ ከመጣች አውቃለች ማለት ነው። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ሮብ ወይም ቲሸርት ይለብሳሉ፣ ፎቶው ይረዝማል። ከዚያ ስለ ሙሽራው ጥያቄ ትጠየቃለች፤ ስትሳሳት ትጨፍራለች። ስጦታው የሌሊት ልብስ፣ ሽቶና የቤት ዕቃ ነው። ያገቡት ምክር ሲጀምሩ ያላገባን ወደ ኩሽና እንሸሻለን፣ ጆሯችን ግን እዚያው ነው።

ትልቁ ጭቅጭቅ የሚዜ ቀሚስ ማን ይክፈል የሚለው ነው። ሙሽራዋ ናት የሚሉ አሉ፣ እያንዳንዷ ለራሷ ናት የሚሉም አሉ። ሁለቱንም አይቻለሁ። ጨርቁን ሙሽራዋ ትገዛለች፣ ስፌቱን ሚዜዋ ትከፍላለች የሚለው መሐል ቤት ጠብ ያሳነሰ ይመስለኛል። ለመልስ የሚለበሰው የሐበሻ ቀሚስ ሌላ ወጪ ነው። ለሱ ሽሮ ሜዳ ይኬዳል፤ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት። ለቀረበባት ሚዜነት «አልችልም» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ እሺ ብሎ ሁለት ሳምንት ሲቀር መጥፋት ነው።

የሰርጉ ቀን ሥራው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ፀጉር ቤት ይጀምራል። አንደኛዋ ሚዜ ቦርሳዋ ውስጥ መርፌ፣ ክር፣ ፒን፣ ሶፍትና ለሙሽራዋ ነጠላ ጫማ መያዝ አለባት። ሙሽራው ሲመጣ ሴቶቹ በሩን ይዘው «አናስገባም ሰርገኛ» ይላሉ። ወንድ ሚዜዎቹ ይለማመጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ሲፈቀድላቸው ሽቶ እየረጩ ይገባሉ። በሩ ላይ ቶሎ እጅ መስጠት ለሚዜ አያስመሰግንም፤ እኔ ከነበርኩባቸው አምስቱ አንዱም በቀላሉ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የቬሎ ጅራት ማንሳት፣ ላብ መጥረግ፣ ውኃ ማቀበልና ስልክ መያዝ ነው። ሚዜ የምትበላው ከሁሉም በኋላ ነው፣ ከበላች።

ከመልሱ በኋላ ገንዘብ ያዥዋ ሒሳቡን ግሩፑ ላይ ትለጥፋለች። የተረፈ ካለ አይከፋፈልም፣ ይቀመጣል። ግሩፑም አይዘጋም፤ ስሙ ወደ ቤቢ ሻወር ይቀየራል።