በገፈርሳና በአካባቢው ግድቦች የሚደረግ የአዕዋፍ ምልከታ በጸደይ መባቻ

ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርቡት የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች የውኃ አዕዋፍን በቅርብ ለማየት ከሚመቹ የደጋ ቦታዎች መካከል ናቸው። ለምልከታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በጋው ቢሆንም፣ መጋቢት ሲያልቅ፣ በአገራችን አቆጣጠር ጸደይ ሊገባ ሲል፣ ነባሮቹ ወፎች ለመራባት ሲጣመሩ ከሰሜን የመጡት እንግዶች ደግሞ ገና ተጠቃለው ያልሄዱ በመሆናቸው ሁለቱን በአንድ ማለዳ ማየት ይቻላል።

ገፈርሳ በአምቦ መንገድ፣ ቡራዩን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኝ ሲሆን ከባህር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። የግድቡን መነሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1938 እ.ኤ.አ. የሚያደርጉ ጽሑፎች ሲኖሩ፣ ሌሎች 1944 እ.ኤ.አ. ይላሉ፤ በኋላም ተስፋፍቷል። ለገዳዲ በ1970 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ፤ ድሬ ከእነዚህ ሁሉ ዘግይቶ የተሠራ ነው።

የገፈርሳ ኩራት በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው። ይህ ዝይ ውኃ ዳር ባለው አጭር ሣር ላይ የሚግጥ፣ ሲራመድም ሆነ ሲዋኝ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ የማሳረፍ ልማድ ያለው ግራጫማ ወፍ በመሆኑ ከሩቅም ይለያል። ክንፉን ሲዘረጋ ብቻ የሚታየው ደብዛዛ ሰማያዊ ቀለም ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ሲነሳ ወይም ሲያርፍ ባይኖኩላርን ከዓይን አለማውረድ ይበጃል። የዘር ግንዱን በተመለከተ ቀድሞ ከደቡብ አሜሪካ ዝይ ጋር ይያያዝ ነበር፤ የዘረመል ጥናቶች ግን በአፍሪካ ደን ከሚኖር አንድ የዳክዬ ዝርያ ጋር ያቀራርቡታል። በዚያው ሣር ላይ ጉሮሮው ብርቱካንማ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ሐብል ያጠለቀ የሚመስለው፣ በአገራችን ብቻ የሚገኝ ሌላ ወፍ፣ “ረጅም ጥፍር” የሚባለው፣ ይገኛል። ቦይ በቦይ የሚሄደው፣ በእንግሊዝኛ Rouget's Rail የሚባለው ቡናማ ወፍም ጅራቱን ሽቅብ እየመታ ከሥሩ ያለውን ነጭ ላባ ያሳያል፤ ይህኛው በኤርትራ ደጋም አለ። ውኃው ላይ ካሉት ጥቋቁር ወፎች መካከል ግንባሩ ላይ ሁለት ቀያይ እብጠቶች ላሉት ወፍ (በእንግሊዝኛ Red-knobbed Coot) እብጠቶቹ በመራቢያ ወቅት ጎላ ይሉለታል።

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት አካፋ ምንቃርና ሹል ጅራት ዳክዬዎች በመጋቢት ቁጥራቸው ይመነምናል፤ የቀሩት ወንዶቹ ግን ላባቸው ያማረበት ጊዜ ነው። ከከብቶች እግር ሥር ነፍሳት የሚለቅሙት ጅራት ነቅናቂ የሚባሉት ቢጫ ወፎችም ለጉዞ ሲሰባሰቡ ደምቀው ይታያሉ። ክሬን የሚባሉትን ረጃጅም እግር ያላቸው ትላልቅ ወፎች የሚፈልግ ሰው ግን በዚህ ወቅት አብዛኞቹ ስለሚሄዱ በኅዳርና በጥር መምጣት አለበት፤ ለእነርሱ ደግሞ ከገፈርሳ ይልቅ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረጋማ ሥፍራ ይሻላል።

ለገዳዲ ከለገጣፎ አልፎ በደሴ መንገድ ይገኛል፤ ውኃው ሰፊ ስለሆነ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ግድቦቹ የመጠጥ ውኃ ምንጭ በመሆናቸው ጥበቃ አላቸው፤ ወደ ዳርቻው ከመቅረብ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ረፋድ ላይ ነፋስ ተነስቶ ውኃውን ስለሚያናውጥ፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ በምሥራቅ ዳርቻ መቆም ይመረጣል።

በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአገራችን የአዕዋፍ ዕውቀት እንዲሰባሰብ ትልቅ ውለታ የዋለ ተቋም ነው። ሆኖም ዓመታዊው የውኃ አዕዋፍ ቆጠራ በጥር አካባቢ የሚካሄድ በመሆኑ የመጋቢትን ሁኔታ አያሳይም። ስለዚህ በጸደይ መባቻ ወደ ገፈርሳ የሚሄድ ተመልካች የዝርያዎቹን ስም ብቻ ሳይሆን፣ ዝዮቹ በመንጋ ወይስ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደታዩ፣ የትኛው ዳርቻ ላይ እንደሚግጡና ጫጩት ይኑራቸው አይኑራቸው ከቀኑ ጋር ቢመዘግብ ሥራው ጥቅም ላይ ይውላል።