ከጎጃም ሳይወጡ አልበም መሥራት

የርቀት አልበም የሚባለው ድምፃዊው፣ አቀናባሪውና ተጫዋቾቹ አንድ ስቱዲዮ ሳይገቡ፣ የየድርሻቸውን ባሉበት ቀድተው ፋይል እየተላላኩ የሚሠሩት ነው። ዘፋኟ ባሕር ዳር፣ ዋሽንት ተጫዋቹ ሞጣ፣ አቀናባሪው አዲስ አበባ፣ ሚክስ የሚያደርገው (ድምፆቹን አመጣጥኖ የሚያዋህደው) ደግሞ ውጭ አገር ሊሆን ይችላል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓባይ በረሃም መሃል ላይ አለ። ለአንድ ዘፈን ማሲንቆ ብሎ ይህን መንገድ መመላለስ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

በኢንተርኔት አብሮ በቀጥታ መጫወት ግን አይሞከርም። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምቱ ይፋለሳል። ስለዚህ ሁሉም በየተራ ይቀዳል። አቀናባሪው ፍጥነቱን የሚይዝ ክሊክ (ምት የሚቆጥር ድምፅ) እና ቀለል ያለ ጋይድ (ዜማውን የሚመራ ረቂቅ ቅጂ) ይልካል። ተጫዋቹ ያንን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ብቻ ቀድቶ ይመልሳል። ዋሽንቱ የሚገባው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢሆንም፣ ፋይሉ ከዘፈኑ መጀመሪያ መነሳት አለበት። አለዚያ አቀናባሪው ቦታውን ሲፈልግ ይውላል።

የጎጃም ዜማ ላይ ቅደም ተከተሉ ራሱ ወሳኝ ነው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ እንደ ክራር ክሩን አጥብቆ መቃኘት የለም። ተጫዋቹ ለየድምፁ ከፍታ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይይዛል። አቀናባሪው በኪቦርድ ሁሉን ጨርሶ ከላከለት በኋላ አንዱም አልገጥም ካለ፣ ቅንብሩ እንደገና ካልተሠራ በቀር ያለው መፍትሔ የዋሽንቱን ድምፅ በኮምፒውተር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። ያኔ ትንፋሹ ለዛውን ያጣል። ዋሽንቱና ድምፃዊቷ መጀመሪያ ተስማምተው፣ ቅንብሩ በእነሱ ላይ ቢገነባ ይሻላል። ማሲንቆው አንድ የጭራ ክር ብቻ ስላለው ቅኝቱን ቶሎ ያስተካክላል። ቢሆንም በየቅጂው መሃል እንደገና መፈተሽ አለበት። ጭብጨባና ከበሮ ግን ባይነጣጠሉ እላለሁ። ሰዎቹ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሲያጨበጭቡ የሚመጣው ድምቀት ለየብቻ ተቀድቶ አይገኝም።

የአራት ደቂቃ ነጠላ (ሞኖ) ቅጂ፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ፣ ዌቭ በሚባለው ያልታመቀ የድምፅ ፋይል ሲቀመጥ፣ 35 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ቴሌግራም በነፃ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። መላክ ያለበት በፋይል መልክ ነው፤ የድምፅ መልእክት ጥራቱን ይቀንሰዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቀረው መንገድ ሃርድ ዲስኩን ለታመነ መንገደኛ አደራ መስጠት ነው። የፋይሎቹ ግልባጭም እቤት ይቀመጣል።

ያልተጠናቀቀ ዘፈን በሰው እጅ ላይ ሲዞር ማፈትለኩ አይቀርም። ስለዚህ የሥራ ባልደረባ የሚመረጠው በችሎታው ብቻ አይደለም። ቀድሞ አብሮ የሠራ፣ የድምፃዊቷን አተነፋፈስ የሚያውቅ፣ «ይሄ አልተዋጣልሽም፣ ድገሚው» ብሎ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ፊት ለፊት ስላልተገናኙ ዝም ተባብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ዘፈን የሚበላሸውም በዚህ ነው።

ታማኝ ቢሆኑም ውል ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለተጫዋቹና ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅም መብት ይሰጣል። የመጀመሪያው ፋይል ከመላኩ በፊት ክፍያው፣ የገቢ ድርሻውና የስም አጻጻፉ ይወሰን። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ የሌለው ማሲንቆ ተጫዋች ስሙ በቀላሉ ይዘለላል። ዩቲዩብ ላይ ከግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ጋር ስሙ እንዲሰፍር ውሉ ላይ አብሮ ይግባ።