ኮምፒውተርን በኮምፒውተር ማስተማር፦ የቴክኖሎጂ ክህሎት በኦንላይን ትምህርት

የቴክኖሎጂ ክህሎትን በኦንላይን ማስተማር ሲባል፣ ከመምህሩ ርቆ የተቀመጠ ተማሪ በኮምፒውተር፣ በታብሌት ወይም በስልክ አማካይነት ፋይል ማደራጀትን፣ በኤክሴል መሥራትን፣ ኮድ መጻፍን፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት መገጣጠምን፣ ራሱን ከኢንተርኔት አደጋ መጠበቅን የሚማርበት አሠራር ነው። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ በኦንላይን ሲሰጥ ኮምፒውተሩ ማጓጓዣ ብቻ ነው። እዚህ ግን ማጓጓዣውም ጭነቱም እሱው ነው። ማይክሮፎኑ እምቢ ያለው ተማሪ ትምህርት አላመለጠውም፤ ሊማረው የሚገባው ነገር ፊቱ ተደቅኗል።

ሥራውን የሚያከብደው ርቀቱ ሳይሆን አለመታየቱ ነው። በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጀርባ አንድ ዙር ሲዞር ማን እንደቀደመ፣ ማን አንድ መስመር ላይ ተቸክሎ እንደቀረ፣ ማን ወደ ጌም እንደሸሸ ወዲያው ያያል። በኦንላይን የሚታየው ፊት ነው፤ እሱም ካሜራ ከተከፈተ። ፊት ደግሞ ያታልላል፤ ምንም ያልገባው ልጅ ራሱን ሲነቀንቅ ይታያል። ቀጥለው የሚመጡት ዘዴዎች አብዛኞቹ ያንን የማይታይ ስክሪን መምህሩ ፊት ለማምጣት የተፈጠሩ ናቸው።

አመጣጡ

በኮምፒውተር ማስተማር ከኢንተርኔት በፊት ጀምሯል። በአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ፕላቶ የተባለው ሥርዓት ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነው። በ1967 ዋሊ ፎየርዛይግ፣ ሲሞር ፓፐርት እና ሲንቲያ ሰለሞን ሎጎ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለልጆች አዘጋጁ። ተማሪው ትእዛዝ ሲጽፍ ኤሊ የተባለ ምልክት ይሄዳል፣ ይዞራል፣ መስመር ይስላል። ካሬ ልሳል ያለ ልጅ 90 ዲግሪ ማዞር ሲገባው 80 ካዞረ፣ የተሳሳተበትን ለማወቅ አራሚ አያስፈልገውም፤ ካሬው ሳይገጥም ይቀራል። ይህ ስህተትን በራስ ዓይን የማየት ነገር ዛሬም የኦንላይን ትምህርት ትልቁ መሣሪያ ነው።

ከዚያው መንፈስ የተወለደው፣ ልጆች የትእዛዝ ብሎኮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ስክራች በ2007 ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ወጣ። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ መጫን ነበረበት፤ በ2013 ብሮውዘር ውስጥ መሥራት ጀመረ፤ በ2019 የወጣው 3ኛው ስሪት ታብሌት ላይም ይከፈታል። ትእዛዞቹ የሚታዩባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ አማርኛም አለበት። ማቴሪያል ማስቀመጫና የቤት ሥራ መሰብሰቢያ የሆነው ሙድል ደግሞ ከ2002 ጀምሮ አለ።

በ2012 ሰፊ የኦንላይን ኮርሶች ሲመጡ ተስፋው ትልቅ ነበር። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በመጀመሪያው ዓመት በ17 ኮርሶቻቸው 841,687 ምዝገባ አስተናገዱ፤ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ለ43,196 ነበር፤ 5 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ከተመዘገበው ብዙው ለማየት ብቻ የገባ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ውድቀት ብቻ ማንበብ ልክ አይሆንም። ቢሆንም ቪዲዮ ጭኖ ተማሪን ለራሱ መተው ለአዋቂ እንኳ እንደማይበቃ፣ ለልጅማ ጭራሽ እንደማይሆን ያስረዳል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ ይህ አሠራር በአንድ ጊዜ የሁሉም ጉዳይ ሆነ።

ከምን ይጀመራል

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2013 ያወጣው ዲጂኮምፕ የተባለ ማዕቀፍ ዲጂታል ክህሎትን በአምስት ይከፍለዋል፦ መረጃን ፈልጎ መመዘን፣ መግባባትና አብሮ መሥራት፣ ይዘት መፍጠር፣ ደህንነት፣ ችግር መፍታት። ፕሮግራሚንግ ይዘት መፍጠር ከሚለው ሥር ነው። ለሥርዓተ ትምህርት ጥሩ አጥር ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚሰጥ ግን አይነግርም።

የመጀመሪያው ሳምንት የፋይል ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። በስልክ ያደገ ተማሪ ፎቶው ጋለሪ ውስጥ፣ ሰነዱ አፕሊኬሽኑ ውስጥ ነው፤ ፎልደር የሚባል ነገር አጋጥሞት ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ «ፋይሉን ላክ» የሚለው ቀላል ትእዛዝ ክፍሉን ግማሽ ቀን ያቆማል። በተደጋጋሚ የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው። ተማሪው ዚፕ የተደረገውን (ታምቆ የታሸገውን) ፎልደር ሳይፈታ ከፍቶ ውስጡ ያለውን ፋይል ያስተካክላል፤ ሥራው ጊዜያዊ ቦታ ላይ ይቀመጥና በማግስቱ የለም። ወይም ፋይሉን ትቶ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሾርትከት (ወደ ፋይሉ የሚጠቁም ምልክት ብቻ) ይልካል፤ የመጣው ነገር መጠኑ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ብቻ ከሆነ መምህሩ ሳይከፍተው ያውቀዋል። ወይም የክላውድ ሊንክ ይልክና ፈቃዱን መክፈት ይረሳል።

መድኃኒቱ በአምስት ቀን አምስት ጥቃቅን ሥራዎች ናቸው፦ የስክሪን ፎቶ ማንሳት፣ ፋይሉን በስምምነት ስም መሰየም (ክፍል፣ ስም፣ የሥራው ቁጥር)፣ ፎልደር ሠርቶ ማስገባት፣ ዘግቶ መልሶ ማግኘት፣ መላክ። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን፣ የሺፍትንና የኤስን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን የስክሪኑን የተመረጠ ክፍል ያነሳል። ይህን የለመደ ክፍል ዓመቱን ሙሉ «አልሠራልኝም» ከማለት ያለውን ነገር አንስቶ ይልካል። መምህሩ ከጀርባ የማየት ዕድሉን በከፊል መልሶ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የቀጥታው ክፍለ ጊዜ

45 ደቂቃ ካለ 5ቱ ለመግቢያና ለድምፅ ፍተሻ ይሄዳል። ማሳያው ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ፣ እሱም በ2 እና በ3 ደቂቃ ተቆርጦ ቢሰጥ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ደግሞ ተማሪው ራሱ የሚሠራበት ቢሆን ጥሩ ነው። የማሳያው መቆራረጥ ለጌጥ አይደለም። አንድ ስክሪን ብቻ ያለው ተማሪ የመምህሩን መስኮት ከከፈተ የራሱን አያይም፤ የራሱን ከከፈተ የመምህሩን ያጣል። መምህሩ እያወራ በቀጠለ ቁጥር ተማሪው ሁለቱን ሲያገላብጥ መሀል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ያሳያሉ፣ ማጋራቱን ያቆማሉ፣ ይጠብቃሉ። መስኮቶቹን ጎን ለጎን መክፈት (የዊንዶውስ ቁልፍ ከግራ ወይም ከቀኝ ቀስት ጋር) በመጀመሪያው ቀን መማር አለበት። ስልክም ኮምፒውተርም ያለው ተማሪ መምህሩን በስልክ እያየ በኮምፒውተሩ ይሠራል፤ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው።

ስክሪን በሚጋራበት ጊዜ የጽሑፉ መጠን ከ18 በታች ባይሆን ይመረጣል፤ ክፍሉ ውስጥ በስልክ የሚከታተል መኖሩ አይቀርም። የሚጫኑትን ቁልፍ በአፍ መናገርም ግድ ነው፤ ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ላይ አይታይምና።

ተማሪ ሲቸገር ስክሪኑን ያጋራና መምህሩ ያያል። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ከርቀት የመቆጣጠር ፈቃድም ይሰጣሉ፤ ባይጠቀሙበት ይሻላል። የተማሪን ማውዝ ነጥቆ ማስተካከል ክፍል ውስጥም መጥፎ ልማድ ነበር፤ በኦንላይን ደግሞ ተማሪው የሆነውን ሳያይ ያልፋል። «የስህተት መልእክቱን የመጨረሻ መስመር አንብብልኝ» ማለት ቀርፋፋ ይመስላል፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ተማሪው መምህሩን ሳይጠራ ራሱ ያነበዋል።

ኮድ ለማስተማር ጥሩ ውጤት ካሳዩት ዘዴዎች አንዱ ፕሪም ይባላል። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፦ የተሰጠው ኮድ ምን እንደሚያደርግ መገመት፣ ማስኬድ፣ መመርመር፣ መለወጥ፣ በመጨረሻ የራስን መሥራት። ለኦንላይን የሚመቸው ግምቱ በቻት ስለሚጻፍ ነው፤ ሠላሳ ተማሪ በአንድ ደቂቃ ሠላሳ ግምት ሲጽፍ መምህሩ ክፍሉ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ያያል። ሌላው በ2006 ዴል ፓርሰንስና ፓትሪሻ ሄይደን ያቀረቡት ልምምድ ነው፤ ትክክለኛ የኮድ መስመሮች ተዘበራርቀው ይሰጡና ተማሪው በቅደም ተከተል ያስቀምጣቸዋል። መጻፍ ስለማይጠይቅ በስልክም ይሠራል።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚጀምሩ ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ብልሽት በአብዛኛው ከሎጂክ አይመጣም። ኮዱ ከዎርድ ወይም ከቻት ሲቀዳ ቀጥ ያሉት የጥቅስ ምልክቶች ወደ ቆልማማ ይለወጣሉ፤ ፓይተን ደግሞ አያውቃቸውም። ታብና ስፔስ ይደባለቃሉ። ከሁሉ የሚያደናግረው የስም ጉዳይ ነው፦ ተማሪው ተርትል በተባለው ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የሚሠራውን ፋይል ራሱን «ተርትል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ፓይተን ያንን ስም ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው የተማሪውን ፋይል ነው፤ ፋይሉ ራሱን ያስገባና ትእዛዙ የለም ይላል። ኮዱ ከመምህሩ ኮድ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ስለሆነ ሁለቱም ግራ ይጋባሉ። የፋይሉ ስም ሲቀየር ይድናል። በብሮውዘር ውስጥ የሚሠራ የኮድ መጻፊያ መምረጥ የመጫን ጣጣን ያስቀራል፤ ሶፍትዌር መጫን ለማይፈቅዱ የትምህርት ቤት ላፕቶፖችም አማራጩ እሱ ነው።

ሰርኪዩት በርቀት

በእጅ የሚሠራ ነገር በኦንላይን አይሆንም የሚል እምነት አለ፤ ግማሽ እውነት ነው። በሲሙሌተር፣ ማለትም ሰርኪዩቱን ስክሪን ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ መጀመር ይቻላል። ቲንከርካድ በተባለው ሲሙሌተር ላይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ያለ ሬዚስተር (ጅረትን የሚገድብ ዕቃ) ከባትሪ ጋር ቢገናኝ ምልክት ብልጭ ይልና ጅረቱ ከመጠን ማለፉን ይነግራል፤ ምንም አይቃጠልም። ሒሳቡም እዚያው ይሠራል፦ ምንጩ 5 ቮልት፣ ኤልኢዲው 2 ቮልት የሚወስድ፣ የሚፈለገው ጅረት 20 ሚሊአምፔር ከሆነ የቀረው 3 ቮልት ለ0.02 ሲካፈል 150 ኦም ይሆናል። በተግባር 220 ኦም ይደረጋል፤ ብርሃኑ ትንሽ ቢቀንስም ዕቃው ዕድሜ ያገኛል።

ሲሙሌተሩ የማያሳየው የላላ ሽቦን ነው። ዕቃው ተማሪው ቤት ሲደርስ ኤልኢዲ ተገልብጦ ይሰካል (ረጅሙ እግር የፖዘቲቭ ነው)፤ በብሬድቦርዱ (ዕቃዎቹ በሚሰኩበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ በአንድ ረድፍ ያሉት አምስቱ ቀዳዳዎች በውስጥ የተያያዙ መሆናቸው ተረስቶ የሬዚስተሩ ሁለቱም ጫፎች አንድ ረድፍ ላይ ይገባሉ። በረጃጅም ብሬድቦርዶች ላይ ደግሞ የዳሩ የኃይል መስመር መሀል ላይ የተቋረጠ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራም የሚጫንበት ቦርድ ኮምፒውተሩ ላይ ጨርሶ ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዩኤስቢ ኬብሉ ነው፤ ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው ኬብሎች ሞልተዋል። በ2016 በብሪታኒያ ለተማሪዎች በነፃ በታደለው ማይክሮቢት የተባለ ትንሽ ቦርድ ላይ ልጁ የሪሴት ቁልፉን እንደተጫነ ኬብሉን ከሰካ ቦርዱ በጥገና ሁኔታ ይከፈታል፤ የላኩትን ፕሮግራም አይቀበልም። ነቅሎ፣ ቁልፉን ሳይነኩ መልሶ መሰካት ነው።

ሽቦውን ለማየት የተማሪው ስልክ ካሜራ ከላይ ወደ ታች እንዲያይ በመጻሕፍት ቁልል ላይ ይቀመጣል። የሽቦ ቀለም ስምምነት (ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጋቲቭ) ከርቀት ለሚያይ ሰው ግማሽ ምርመራው ነው።

ዳታ

በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በ45 ደቂቃ 337 ሜጋባይት ገደማ ይጨርሳል። በሰከንድ 80 ኪሎቢት የሚወስድ ድምፅ ብቻ ከሆነ 27 ሜጋባይት ነው። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ማሳያው ሲያልቅ ቪዲዮን ዘግቶ በድምፅ መቀጠል ቁጠባው ትንሽ አይደለም። መስመር በጭራሽ በሌለበት ስክራች ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ስሪት አለው፤ ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ሥርዓት ደግሞ ትምህርቱን በአንድ ኮምፒውተር ይዞ በአካባቢው ዋይፋይ ለሌሎች ያካፍላል።

ምዘና

ኮድን በራሱ የሚያርም ፕሮግራም ውጤቱ ልክ መሆኑን እንጂ ማን እንደጻፈው አይነግርም። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከወጣ በኋላ ይህ ጉድለት ሰፋ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን የሚለዩ መሣሪያዎች ላይ መደገፍ አያዋጣም፤ በተለይ አጭር የጀማሪ ኮድ ሁሉም ዘንድ አንድ ይመስላል። የሚሻለው የ3 ደቂቃ የቃል ጥያቄ ነው። ተማሪው ስክሪኑን አጋርቶ አንድ መስመር ያስረዳል፤ ከዚያ «10 ጊዜ የሚደግመውን 7 ጊዜ አድርገው» ይባላል። የሠራው ሰው ቁጥሩ የት እንዳለ ያውቃል። 30 ተማሪ በ3 ደቂቃ 90 ደቂቃ ነው፤ በሁለት ሳምንት ቢከፋፈል የሚቻል ነው። የሰነዱን የለውጥ ታሪክ ማየትም ይረዳል፤ ባዶ የነበረ ፋይል በአንድ ደቂቃ 80 መስመር ሲሞላ ለጥያቄ ይጋብዛል።

አካውንትና ደህንነት

የልጆች መረጃ በሕግ የተጠበቀ ነው። ኮፓ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓው ጂዲፒአር ደግሞ ዕድሜውን በመሠረቱ 16 አድርጎ አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት ይፈቅዳል። ብዙ ድረ ገጾች 13 ዓመትን የመመዝገቢያ ወሰን ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜን ዋሽቶ መመዝገብ መፍትሔ አይሆንም፤ መምህሩ የክፍል አካውንት ከፍቶ ለተማሪዎቹ ኢሜይል የማይጠይቅ የመግቢያ ስም የሚሰጥባቸው አማራጮች አሉ።

የተረሳ ፓስወርድ የክፍለ ጊዜ በላተኛ ነው። ከመጀመሪያው ትምህርት ሁለት ቀን ቀድሞ ተማሪው ገብቶ የስክሪን ፎቶ እንዲልክ ቢደረግ፣ ያልገባው ማን እንደሆነ ትምህርቱ ሳይጀመር ይታወቃል። በዓመቱ መጨረሻም ተመሳሳይ ሥራ አለ፤ የትምህርት ቤቱ አካውንት ሲዘጋ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ተማሪው ፕሮጀክቶቹን አውርዶ በራሱ ፎልደር ማስቀመጡ ከመዘጋቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንደ መጨረሻ የቤት ሥራ ይሰጥ፤ ማስረጃውም የፎልደሩ የስክሪን ፎቶ ነው።