ስለ ሴቶች የስፖርትና የብርድ መከላከያ ልብሶች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ የሚኖርና ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት አየር ያያል። ማለዳ ከቤቴ ስወጣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጣቶቼ በብርድ ይደነዝዛሉ፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ጃኬቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠለጥላለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር የሚያስገርም አይደለም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቱታ፣ ታይት፣ ፍሊስ የሚባለውን ፀጉራም ሹራብና የዝናብ ጃኬት ለስፖርት ብቻ ሳይሆን ለሥራ፣ ለገበያና ጎረቤት ቡና ለመጠጣት ስሄድም ስለብሳቸው ቆይቻለሁ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ስለ እነዚህ ልብሶች ብዙ አባባል ሰማሁ፤ አንዳንዱን እኔም ራሴ ለዓመታት አምኜበት ኖሬያለሁ።

«ልብስ በወፈረ ቁጥር ያሞቃል»

ልብስ ሙቀት አያመነጭም። ሙቀት የሚያመነጨው ሰውነታችን ሲሆን፣ የልብስ ሥራ በክሮቹና በድርቦቹ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይዞ ያ ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት በስስ ካናቴራ ላይ ከመደረብ ይልቅ፣ ሦስት ስስ ልብሶች ተደራርበው የተሻለ ያሞቃሉ፤ ከዚህም በላይ አየሩ ሲለወጥ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ከሰውነት ጋር የሚገናኘው ላብን የሚያሳልፍ፣ መካከለኛው ሙቀት የሚይዝ፣ የላይኛው ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ቢሆን ሥራው የተሟላ ይሆናል።

ይህ ዕውቀት ከውጭ የመጣ አይደለም። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራው በከንቱ አይደለም፤ በድርቦቹ መካከል ያለው አየር ነው የሚያሞቀው። አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ በኅዳር ውርጭ በስስ ሹራብ ስወጣ አይተው «ልጄ፣ ይህቺ ስስ ነገር ከብርድ ታስጥልሻለች?» ብለው ጠየቁኝ። «አብሽሩ፣ እትዬ» ብዬ እጄን ዘርግቼ እጅጌዬን እንዲዳስሱ አደረግሁ። ሦስቱን ልብስ አንድ በአንድ በጣታቸው ለይተው «እንደ ጋቢዬ ነዋ!» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ለሌሎች የማስረዳው በእሳቸው ቃል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ስሕተት አለ። እግሯን ብርድ የጠናባት ሴት በጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ትደርባለች። ጫማው ሲጣበቅ በካልሲው ውስጥ ያለው አየር ተጨምቆ ይወጣል፣ የደም ዝውውርም ይቀንሳል፤ እግሯ በአንድ ካልሲ ከነበረው የበለጠ ይቀዘቅዛል። በሹራብ ላይ የሚጠብ ጃኬትም የሚያደርሰው ጉዳት ያው ነው።

«ለሰውነት ከጥጥ የሚሻል ጨርቅ የለም»

ይህን አባባል ማረም ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ታኅሣሥ 29 ለገና ላሊበላ የሚሰበሰቡት ምእመናን በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሌሊቱን በጥጥ ጋቢ ተሸፍነው ያድራሉ። ታኅሣሥ የበጋ ወር ነው፤ ዝናብ የለም፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ የሚያድር ሰውም ብዙ አያልበውም። ደረቅ ጥጥ በደረቅ አየር እረፍት ላይ ላለ ሰውነት በእርግጥ መልካም ልብስ ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ሰውነት ሲያልበው ወይም ዝናብ ሲመታው ነው። በአንድ ቅዳሜ ማለዳ የጥጥ ካናቴራ ለብሼ ወደ ጦሳ ወጣሁ። ዳገቱን እስክጨርስ ካናቴራው ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር፤ ጫፉ ላይ ደርሼ ቆም ስል ነፋሱ ሲመጣ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ድረስ በረደኝ፤ ካናቴራውን ብጨምቀው ውሃ ይወጣው ነበር። የጥጥ ክር ውሃን ወደ ውስጡ መጥጦ ያስቀራል፣ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ በፍጥነት ያስተላልፋል፤ በዚህ ላይ አንድ ግራም ላብ ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ከሰውነት ይዞ ይሄዳል። በሩጫው ጊዜ ይህ ትነት ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ይጠቅማል፤ ሩጫው ከቆመ በኋላ ግን ሙቀታችንን መዝረፉን አያቆምም።

ፖሊስተር ከዚህ ይለያል። ክሩ ከራሱ ክብደት አንድ በመቶ የማይሞላ እርጥበት ብቻ ስለሚይዝ፣ ላቡ በክሮቹ መካከል ተስቦ ወደ ላይኛው የጨርቁ ገጽ ይወጣና ቶሎ ይደርቃል። በቀጣዩ ቅዳሜ በዚያው ዳገት በፖሊስተር ካናቴራ ስወጣም አልቦኝ ነበር፤ ነገር ግን ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጥቼ ስነሣ ጀርባዬ ደርቆ ነበር። እዚህ ላይ ጉድለቱንም መናገር ይገባል፦ ፖሊስተር የላብ ሽታን ከጥጥ ይልቅ ይዞ ያቆያል፤ በየቀኑ የምትለብሰው ሴት በየቀኑ ማጠብ አለባት።

የበግ ፀጉር ሁለቱን ያስታርቃል። ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞም ቶሎ እርጥብ አይመስልም፣ ሙቀቱንም ሙሉ በሙሉ አያጣም። በወረኢሉና በለጋምቦ ደጋ ባና የሚደረበው ለዚህ ነው። ከተሜዎች ባናን ለገጠር ብቻ የተገባ ቢያስመስሉትም፣ በውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚሸጠው ተራራ ለሚወጡ ሰዎች የሚሠራ የሱፍ ካናቴራ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። ባናው ቆዳን ስለሚኮሰኩስ በቀጥታ ሰውነት ላይ አይለበስም እንጂ፣ በተራራ ላይ ብርድ በመመለስ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።

«ላብ ላይ ነፋስ ከነካሽ የሳንባ ምች ይይዝሻል» የሚባለውም እዚህ ይነሣል። የሳንባ ምችን የሚያመጡት ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው፤ ጉንፋንም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። እርጥብ ልብስ መለወጥ የሚያስፈልገው የሰውነት ሙቀት እንዳይወርድ ነው፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

«ጃኬት ደርቦ መሮጥ ያከሳል»

ረፋዱ ሞቆ ሳለ ሁለት ጃኬት ደርበው፣ አንዳንዴም ወገባቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡ እኅቶችን አያለሁ፤ ያሳስበኛልም። ሚዛኑ እርግጥ ይቀንሳል፣ አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናልና። የወጣው ግን ስብ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይመለሳል። ላቡ መትነን ሲያቅተው ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ ይዘጋል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ራስን መሳት ሊከተሉ ይችላሉ፤ እጅግ ከባሰም ሕይወት ያሳጣል። ስብ የሚቀንሰው በእንቅስቃሴው በራሱና በአመጋገብ ነው፤ ልብሱ ቀለል ሲል ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ መሮጥ ይቻላል።

«የስፖርት ልብስ ከጨዋ ሴት አለባበስ ጋር አይሄድም»

በወሎ የአንዲት ሴት አለባበስ የቤተሰቧም ጉዳይ ስለሆነ ይህን በአክብሮት መመለስ ተገቢ ነው። የስፖርት ልብስ ማለት የተጣበቀ ልብስ ማለት አይደለም። ላብ የሚያሳልፍ ጨርቅ ሰፊ ቱታም ሆነ እስከ ጉልበት የሚወርድ ሹራብ ሊሰፋበት ይችላል፤ ታይት ደግሞ ከረጅም ቀሚስ ሥር ሲለበስ በክረምት እግርን የሚያሞቅ የውስጥ ድርብ ነው፤ ማንም አያየውም።

ሂጃብም ከስፖርት የሚያግድ አይደለም። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2014፣ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጫዋቾች ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ፈቅደዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራኝ የምትሮጠው ባልደረባዬ መጀመሪያ ላይ የዘወትር ሂጃቧን በመርፌ ቁልፍ አስይዛ ትመጣ ነበር፤ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ ቁልፉም አገጯን ይወጋታል። በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን ከስስና ከሚሳብ የስፖርት ጨርቅ ያለ ቁልፍ በጭንቅላት የሚጠለቅ አሰፋን። የመጀመሪያው ስፌት ጆሮዋ ላይ እያረፈ ቢያቆስላትም፣ ስፌቱ ወደ ኋላ ሲወሰድ ነገሩ ተስተካከለ። አሁን ሰዓት ሙሉ ስትሮጥ አንድ ጊዜ እንኳ እጇን ወደ ራሷ አታነሣም።

«የስፖርት ጡት መያዣ ለአትሌት ብቻ ነው»

ጡት በውስጡ ጡንቻ የለውም፤ የሚደግፉት ቆዳና ስስ ጅማቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዳገት የምትወጣም፣ ደረጃ የምትሮጥም፣ ልጅ አዝላ የምትራመድም ሴት ድጋፍ ያስፈልጋታል። ይህ ልብስ ራሱ የተወለደው ከተራ ሴቶች ችግር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ቨርሞንት ሊሳ ሊንዳል፣ ፖሊ ስሚዝና ሂንዳ ሚለር የወንድ ስፖርተኞችን ሁለት የውስጥ መደገፊያዎች አንድ ላይ ሰፍተው የመጀመሪያውን ሠሩ። ሲለካ ከደረት በታች ያለው ማሰሪያ ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት፤ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ አብሮ የሚወጣ ከሆነ ሰፊ ነው።

«ግማሹ የሰውነት ሙቀት የሚወጣው በራስ ነው»

ራስ የአዋቂ ሰውነትን ገጽ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚሆን፣ ሌላው አካል ተሸፍኖ እሱ ብቻ ካልተገለጠ በቀር ከድርሻው በላይ አያወጣም። ኮፍያና ሻሽ ጠቃሚ ናቸው፤ እግርና ወገብ ተራቁተው ግን ራስን ብቻ መጠቅለል አያድንም።

«ጃኬቱ ውሃ አያስገባም ብለውኛል»

እኔንም አንድ ነጋዴ እንዲሁ ብሎኝ በሐምሌ ዝናብ ታክሲ ስጠብቅ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትከሻዬ ረጠበ። ጨርቁ ውሃ የሚያንከባልል ቢሆንም ውሃው የገባው በመርፌ ቀዳዳዎቹ፣ በስፌቱ በኩል ነበር። እውነተኛ የዝናብ ጃኬት ገልበጥ ሲደረግ ስፌቱ ላይ የተለጠፈ ስስ ማሸጊያ ይታያል። ሙሉ ፕላስቲክ የሆነው ደግሞ ዝናቡን ቢመልስም ላቡን ስለማያስወጣ ከውስጥ ያረጥባል። ይህን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር የደረሰበት የተለጠጠ ቴፍሎን ሽፋን ነው፤ ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ ይጠብባሉ፣ ለእንፋሎት ግን ይበቃሉ።

«እንደማንኛውም ልብስ ነው፣ ማጠቡም ያው ነው»

የጨርቅ ማለስለሻ በክሮቹ ላይ ተቀብቶ ላብ የሚስበውን መንገድ ይደፍነዋል። የፈላ ውሃና የጋለ ካውያ የሚሳበውን ክር ስለሚያደክሙት ታይቱ ጉልበቱ ላይ ላልቶ ይቀራል። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ጥላ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን እሳቱ ነው። በክረምት እርጥብ ፍሊስ እንዲደርቅ ከሰል ማንደጃ አጠገብ ይሰጣል፤ ፍሊስ የለበሰችም ሴት ቡና ልታፈላ ማንደጃው ላይ ትጎነበሳለች። ፖሊስተር በእሳት ሲነካ እንደ ጥጥ አመድ አይሆንም፤ ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የኔ ፍሊስ እጅጌ ላይ ከአንዲት የከሰል ብልጭታ የቀረ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠንካራ ጥቁር ነጥብ አለ። ስለዚህ ረከቦቱ ፊት ስቀመጥ ፍሊሱን አውልቄ በር ጀርባ እሰቅለዋለሁ፣ ትከሻዬ ላይም ጋቢ እጥላለሁ።